«በሕግ አምላክ» ብለው ስልክን ለሕዝብ ያደረሱት መሐንዲስ

በቀደመው ዘመን ሁለት መንገደኞች ሲጋጩ ወይም ድንበርተኞች በመሬት ሲጣሉ፣ ተበደልሁ ባዩ «በሕግ አምላክ!» ይል ነበር። ባለጋራው ጉልበት ቢኖረው እንኳ ይህን ቃል ሰምቶ ማለፍ ነውር ነበርና ኩታ ለኩታ ተቋጥረው ዳኛ ፊት ይቆሙ ነበር። ቃሉ ደካማውን ከጉልበተኛው እኩል ያቆም ነበር።

ከሠላሳ ዓመታት በፊት በዚምባብዌ ዋና ከተማ በሐራሬ አንድ ወጣት መሐንዲስ ከዚህ ጋር የሚመሳሰል ነገር አደረጉ። የተሟገቱት ግን ከድንበርተኛ ጋር አልነበረም፤ ከመንግሥት ጋር ነበር። የክርክሩ ጭብጥም መሬት ሳይሆን ስልክ ነበር። ዜጎች ስልክ ማግኘት ካልቻሉና ሌላ ሰው እንዳያቀርብላቸውም በሕግ ከተከለከለ፣ ሐሳብን የመግለጽ መብታቸው ተነካ ማለት ነው ወይስ አይደለም? ለዚህ ጥያቄ የተሰጠው ምላሽ የአንድ አገርን የስልክ ታሪክ ለወጠ፤ የጠየቁትንም ሰው በአፍሪካ ከታወቁት የቴክኖሎጂ ባለሀብቶች ተርታ አሰለፈ።

እኒህ ሰው የኢኮኔት መሥራች ስትራይቭ ማሲዪዋ ናቸው። በዚህ ጽሑፍ የሥራ ዘመናቸውን፣ የሚመሩባቸውን ሐሳቦች፣ የተሳካላቸውንና ያልተሳካላቸውን እንመለከታለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከስደት ወደ አገር

ማሲዪዋ በ1961 ተወለዱ። አገራቸው በዚያን ጊዜ በነጮች አገዛዝ ሥር የነበረችና ሮዴዥያ እየተባለች የምትጠራ ነበረች። ገና በልጅነታቸው ቤተሰባቸው ድንበር ተሻግሮ በዛምቢያ በምትገኘው የመዳብ ማዕድን ከተማ በኪትዌ ሰፈረ። እናታቸው በንግድ ሥራ ኑሮን አደላደሉ፤ ልጃቸውንም ለትምህርት ወደ ስኮትላንድ ላኩ።

በ1978 ወጣቱ ማሲዪዋ የነጻነት ትግሉን ለመቀላቀል ወደ አፍሪካ ተመለሱ። በኋላ እንደተናገሩት ያገኟቸው የትግሉ አዛዥ ድሉ እንደተቃረበ ነግረው፣ አገሪቱ ከዚህ በኋላ የምትፈልገው የሚገነባትን የተማረ ሰው ነው ሲሉ መልሰው ወደ ትምህርት ሸኟቸው። ዚምባብዌ በ1980 ነጻ ወጣች። ማሲዪዋም በ1983 ከዌልስ ዩኒቨርሲቲ በኤሌክትሪክና ኤሌክትሮኒክስ ምሕንድስና ተመርቀው በ1984 አገራቸው ገቡና በመንግሥት የፖስታና ቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽን ተቀጠሩ።

የመሥሪያ ቤቱ አሠራር ግን አላረካቸውም። ጥቂት ዓመታት ሠርተው ለቀቁና ሪትሮፊት የተባለ ለሕንፃዎች የኤሌክትሪክ ሥራ የሚያከናውን ድርጅት አቋቋሙ። ድርጅቱ በአጭር ጊዜ አደገ። እዚያው ላይ ቆመው ቢሆን ኖሮ በአገራቸው የታወቁ የሥራ ተቋራጭ ሆነው ይቀሩ ነበር።

ሽቦና ማማ

ቀጥሎ የሆነውን ለመረዳት የስልክን አሠራር ጥቂት ማየት ያስፈልጋል። የመደበኛ ስልክ ከማዕከል ተነሥቶ እስከ እያንዳንዱ ቤት ድረስ የመዳብ ሽቦ ይፈልጋል። ራቅ ባለ ቀበሌ ለሚኖር አንድ ገበሬ ስልክ ለማስገባት ምሰሶ እየተከሉ፣ ሽቦ እየዘረጉ ብዙ ኪሎ ሜትር መጓዝ ግድ ነው። ወጪው ከገቢው ስለሚበልጥ ስልክ የከተማ፣ ያውም የጥቂት ከተሜዎች ንብረት ሆኖ ኖረ። በዚምባብዌም ለስልክ ተመዝግቦ ዓመታትን መጠበቅ የተለመደ ነበር።

ተንቀሳቃሽ ስልክ ይህን ስሌት ቀየረው። በአንድ ከፍታ ላይ የሚተከል ማማ በዙሪያው ላሉ ሁሉ በአየር ሞገድ አገልግሎት ይሰጣል። ከማማው እስከ ቤቱ ሽቦ የለም፤ ደንበኛ በተጨመረ ቁጥርም ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ወጪ ይቀንሳል። ይህ ዛሬ ለማንኛችንም ግልጽ ነው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ግን ተንቀሳቃሽ ስልክ የሀብታም መታያ ተደርጎ ይቆጠር ነበር።

ማሲዪዋ በ1993 ወደ ቀድሞ መሥሪያ ቤታቸው ሄደው በጋራ የተንቀሳቃሽ ስልክ አገልግሎት እንጀምር ሲሉ ሐሳብ አቀረቡ። ኮርፖሬሽኑ ለአገሪቱ የሚጠቅም አይደለም ብሎ ሐሳቡን ውድቅ አደረገው። «እንግዲያውስ እኔ ልሥራው» ሲሉም ሕጉ ለኮርፖሬሽኑ ብቻ የሰጠው መብት እንደሆነ ተነገራቸው። መሥሪያ ቤቱ አገልግሎቱን ራሱ አያቀርብም፤ ሌላው እንዲያቀርብም አይፈቅድም።

አምስት ዓመት የወሰደው ሙግት

በዚያን ጊዜ የነበረው የዚምባብዌ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 20 ሐሳብን የመግለጽ፣ መረጃን የመቀበልና የማስተላለፍ ነጻነትን ያረጋግጥ ነበር። የማሲዪዋ ጠበቆች ክርክራቸውን የመሠረቱት በዚህ አንቀጽ ላይ ነው። ነጋዴ ሆነው የንግድ ፈቃድ ተከለከልን አላሉም። ሰው ከሩቅ ያለ ዘመዱን፣ ሐኪሙን ወይም ደንበኛውን ማነጋገር ካልቻለ፣ ይህንንም የሚያደርገው በቂ አገልግሎት ማቅረብ ያልቻለ አንድ ብቸኛ ድርጅት ከሆነ፣ የተጣሰው የዜጋው መብት ነው አሉ።

ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1995 በዋና ዳኛው በአንቶኒ ጉቤይ አማካይነት ውሳኔውን ሰጠ። የኮርፖሬሽኑ ብቸኛ ባለመብትነት ሕገ መንግሥቱን የሚቃረን ሆኖ ተገኘ። ማሲዪዋም ማማ መትከል ጀመሩ።

ደስታው አልዘለቀም። በ1996 መጀመሪያ ፕሬዚዳንት ሮበርት ሙጋቤ በሥልጣናቸው ባወጡት ደንብ ያለ መንግሥት ፈቃድ የተንቀሳቃሽ ስልክ አገልግሎት መስጠት በእስራት የሚያስቀጣ ወንጀል ሆነ። ፈቃድ ለመስጠት በወጣው ጨረታም ያሸነፈው የፕሬዚዳንቱ የእኅት ልጅ ያሉበት ሌላ ቡድን ነው ተባለ። ማሲዪዋ እንደገና ወደ ፍርድ ቤት ሄዱ። ሙግቱ በተራዘመ ቁጥር ገንዘባቸው እየተሟጠጠ መጣ፤ ያደገላቸውን ድርጅት ሪትሮፊትንም ሸጡ። በመጨረሻ ፍርዱ ለእሳቸው ሆነና ፈቃዱ ተሰጣቸው። ኢኮኔት በ1998 የመጀመሪያ ደንበኞቹን ማገናኘት ጀመረ፤ ብዙም ሳይቆይ የአገሪቱ ትልቁ የስልክ ድርጅት ሆነ።

ከዚህ ሙግት የሚወሰደው ዋና ቁም ነገር የአንድ ሰው ጽናት ብቻ አይደለም። ውሳኔውን የሰጡት ዳኞች መንግሥት በሚከራከርበት ጉዳይ ላይ መንግሥትን ሊረቱ የሚችሉ ዳኞች ነበሩ። ያ ባይሆን ኖሮ የማሲዪዋ ቆራጥነት ብቻውን የትም አያደርሳቸውም ነበር። ነጻ ፍርድ ቤት ለፖለቲከኛ ብቻ የሚያስፈልግ ነገር ተደርጎ ይታሰባል። በዚምባብዌ ግን ለገበሬው ስልክ ያስገባለት እሱ ነው።

ድንበር መሻገርና የጉቦ ጥያቄ

አገር ውስጥ ሙግቱ ሲጓተት ማሲዪዋ ፊታቸውን ወደ ጎረቤት አዞሩ። በቦትስዋና ከአጋሮቻቸው ጋር ሆነው ፈቃድ አገኙ፤ ማስኮም የተባለው ድርጅትም እዚያው በ1998 ሥራ ጀመረ። ከዚያ በኋላም ወደ ሌሎች የአፍሪካ አገሮች ገቡ።

ከሁሉ የከበደው ናይጄሪያ ነበር። ኢኮኔት የተሳተፈበት ቡድን በ2001 በ285 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ፈቃድ ገዝቶ አገልግሎት ጀመረ። በ2003 ግን የማሲዪዋ ድርጅት ከአስተዳደሩ ወጣ። ማሲዪዋ በኋላ በአደባባይ እንደገለጹት ምክንያቱ ከባለሥልጣናት የቀረበላቸውን የጉቦ ጥያቄ አልከፍልም ማለታቸው ነው። ድርጅቱ ከእጅ ወደ እጅ ተላልፎ ዛሬ ኤርቴል ናይጄሪያ ተብሎ ይታወቃል፤ በአፍሪካ ትልቅ በሆነው ገበያ ውስጥም ከዋነኞቹ አንዱ ነው። ጉቦ አለመክፈል ዋጋ እንደሚያስከፍል ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ማግኘት ይከብዳል።

በአገራቸውም ነገሩ ቀላል አልነበረም። የመንግሥት ተቺ በነበረው «ዴይሊ ኒውስ» ጋዜጣ ላይ ትልቅ ድርሻ ነበራቸው፤ ጋዜጣው በ2003 ተዘጋ። እሳቸውም ከዚያ ቀደም ብለው በ2000 ዚምባብዌን ለቀው ወደ ደቡብ አፍሪካ፣ በኋላም ወደ ለንደን አመሩ።

በእጅ ስልክ ውስጥ ያለ ገንዘብ

በ2011 ኢኮኔት «ኢኮካሽ» የተባለውን የገንዘብ አገልግሎት ጀመረ። አሠራሩ ዛሬ በአገራችን ከምናውቀው ከቴሌብር ወይም ከኤምፔሳ ብዙም አይለይም። ደንበኛው ለወኪሉ ብር ይሰጣል፤ በስልኩ ሒሳብ ይመዘገብለታል፤ ከዚያም በምሥጢር ቁጥሩ ይልካል፣ ይከፍላል፣ ያወጣል። ባንክ ባልደረሰበት ገጠር ሱቁ የባንክ መስኮት ይሆናል ማለት ነው።

አገልግሎቱ በዚምባብዌ በፍጥነት የተስፋፋበት የተለየ ምክንያት ነበረው። አገሪቱ ከ2007 እስከ 2009 በነበረው የዋጋ ንረት የራሷን ገንዘብ ትታ በአሜሪካ ዶላር መገበያየት ጀምራ ነበር። ዝርዝር ሳንቲም አይገኝም፤ ኋላም የወረቀት ገንዘቡ ራሱ ከባንክ ጠፋ። ሕዝቡ ዳቦም የመኪና ሳፋሪም በስልኩ መክፈል ያዘ።

ይሁን እንጂ ቴክኖሎጂ የታመመን ገንዘብ አያድንም። ጥሬ ገንዘብ ሲጠፋ አንዳንድ ወኪሎች በስልክ ያለውን ወደ ጥሬ ገንዘብ ለመቀየር ከፍ ያለ ዋጋ መጠየቅ ጀመሩ። መንግሥትም የውጭ ምንዛሬ ጥቁር ገበያን ያባብሳል ሲል በ2020 የስልክ ገንዘብ ዝውውርን አገደ፤ በኋላም ጥብቅ ገደብ ጣለበት። ሕዝቡ በአንድ ድርጅት ላይ ይህን ያህል ተደግፎ ነበርና እገዳው ከባለሥልጣናቱና ከድርጅቱ ይልቅ ተራውን ሸማች አስጨነቀ።

ማሳው ውስጥ

ማሲዪዋ ስለ ግብርና ሲናገሩ የሚያነሡት መከራከሪያ አጭር ነው፦ የአፍሪካ ገበሬ እርዳታ ጠባቂ ሳይሆን ነጋዴ ተደርጎ ሊታይ ይገባል። ኢኮኔት ለገበሬዎች የአየር ሁኔታና የገበያ መረጃ በአጭር መልእክት የሚልክ፣ ከዝናብ ጋር የተያያዘ የሰብል መድንም የሚያቀርብ አገልግሎት ጀምሮ ነበር።

የዚህ ዓይነቱ መድን ከተለመደው የሚለየው ካሣው የሚወሰንበት መንገድ ነው። ባለሙያ ማሳ ድረስ መጥቶ ጉዳቱን አይገምትም። በአካባቢው የተተከለ መለኪያ የዘነበው ዝናብ ከተወሰነው መጠን በታች መሆኑን ካሳየ ለተመዘገቡት ሁሉ ይከፈላል። ይህ ወጪና ክርክር ይቀንሳል። ጉድለቱም ከዚያው ይመነጫል፤ መለኪያው ባለበት ጋራ ዘንቦ በገበሬው ማሳ ላይ ካልዘነበ ሰብሉ ደርቆም ካሣ የለም። እንዲህ ያለ መድን የሚቀርብለት ገበሬ መጀመሪያ ሊጠይቅ የሚገባው መለኪያው የት እንደተተከለ ነው።

ማሲዪዋ ከኮፊ አናን ቀጥለው በአፍሪካ የአረንጓዴ አብዮት ጥምረትን፣ በምኅጻሩ አግራን፣ በቦርድ ሰብሳቢነት መርተዋል። በ2019 መንበሩን የተረከቧቸው የኢትዮጵያ የቀድሞ ጠቅላይ ሚኒስትር ኃይለማርያም ደሣለኝ ናቸው። ጥምረቱ የተሻሻለ ዘርና ማዳበሪያ ለአነስተኛ አርሶ አደሮች እንዲደርስ ይሠራል። ተቺዎችም አሉት፤ በርካታ የአርሶ አደርና የሲቪል ማኅበራት ገበሬውን በየዓመቱ በሚገዛ ዘርና ማዳበሪያ ላይ ጥገኛ ያደርጋል፣ የአገሬውን ዘርም ያዳክማል ይላሉ። ይህ ክርክር በእኛም አገር ያልተቋጨ ነው።

ክትባት ፍለጋ

በ2020 የኮሮና ወረርሽኝ ሲገባ መቀመጫውን አዲስ አበባ ያደረገው የአፍሪካ ኅብረት ማሲዪዋን ልዩ መልእክተኛ አድርጎ ሾመ። ችግሩ እንዲህ ነበር፤ እያንዳንዱ የአፍሪካ አገር ለብቻው ትንሽ ትእዛዝ ይዞ ሲቀርብ፣ ሻጮቹ ብዙ የሚገዙትን ሀብታም አገሮች ያስቀድማሉ። ማሲዪዋ የመሩት ቡድን የሁሉንም ትእዛዝ በአንድ የሚያሰባስብ የኢንተርኔት ገበያ አቋቋመ። የኅብረት ሥራ ማኅበራት በዩኒየን ተሰባስበው ማዳበሪያ ሲገዙ ያየ ሰው ሐሳቡን ለመረዳት አይቸገርም።

ኅብረቱ በ2021 ከጆንሰን ኤንድ ጆንሰን 220 ሚሊዮን የክትባት መጠን ለመግዛት፣ እንደ አስፈላጊነቱም 180 ሚሊዮን ለመጨመር ተስማማ። ክትባቱ ግን በብዛት መምጣት የጀመረው ሀብታሞቹ አገሮች አብዛኛውን ሕዝባቸውን መከተብ ከጀመሩ ብዙ ወራት ካለፉ በኋላ ነው። ማሲዪዋም አምራች አገሮቹ ለራሳቸው ሲያከማቹ አፍሪካ ገንዘብ ይዛ እንኳ መግዛት እንደተቸገረች በግልጽ ወቅሰዋል። በዚያ ጊዜ የተማሩት ነገር ሌላውን ሥራቸውንም ይገልጻል፤ ራሱ የማያመርት ወገን በክፉ ቀን ተራ ጠባቂ ነው።

ከማማ ወደ መረጃ ማዕከል

ካሳቫ ቴክኖሎጂስ የተባለው ድርጅታቸው ሊኩዊድ በተሰኘው ክንፉ አማካይነት በአፍሪካ ውስጥ ከ100,000 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝም የፋይበር መስመር አለው። ፋይበር እንደ ፀጉር የቀጠነ የመስታወት ክር ነው፤ መረጃን በብርሃን ያስተላልፋል። በስልካችን የምናየው ምስል ከማማው በኋላ የሚጓዘው በአብዛኛው በእንዲህ ዓይነቱ መስመር ነው።

በ2025 ካሳቫ የኤንቪዲያን ኃይለኛ ማቀነባበሪያዎች በመጠቀም በደቡብ አፍሪካ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ማዕከል እንደሚያቋቁም አስታወቀ። የሐሳቡ መነሻ ከ1993ቱ ብዙ አይለይም። እንዲህ ያሉ ማሽኖች በአፍሪካ ውስጥ ከሌሉ፣ በየአገሩ ቋንቋ የሚናገር፣ የሰብል በሽታን ከፎቶ የሚለይ ወይም ሐኪምን የሚያግዝ መሣሪያ ለመሥራት የሚሻ ወጣት ከባሕር ማዶ ኃይል መከራየት አለበት። ኪራዩም በውጭ ምንዛሬ ነው።

ሌላው ወገን

የማሲዪዋ ታሪክ ድል ብቻ አይደለም። ክዌሴ የተባለው የቴሌቪዥን ሥራቸው ትልቅ ተስፋ ተጥሎበት ከተጀመረ በኋላ በጥቂት ዓመታት ተዘግቷል። ዋናው ጥያቄ ግን ሌላ ነው። ብቸኛ ባለመብትነትን በፍርድ ቤት ያፈረሱት ሰው ድርጅት፣ ቆይቶ በአገሩ የስልክም የስልክ ገንዘብም ገበያ ትልቁን ድርሻ ያዘ። ዚምባብዌያውያን ስለ አገልግሎት ክፍያው ውድነት በተደጋጋሚ አማርረዋል። በሕግ የተከለለ ብቸኝነት ሲፈርስ በገበያ የተገነባ የበላይነት ሊተካው ይችላል፤ ስለዚህ የተቆጣጣሪው ሥራ ፈቃድ በመስጠት አያበቃም።

በበጎ አድራጎት በኩል እሳቸውና ባለቤታቸው ጺጺ ማሲዪዋ በ1990ዎቹ ባቋቋሙት ድርጅት ወላጆቻቸውን ያጡ በጣም ብዙ ልጆችን አስተምረዋል። ማሲዪዋ በፌስቡክ ገጻቸውም ለወጣት ሥራ ፈጣሪዎች ለዓመታት ሲጽፉ ቆይተዋል። ደጋግመው የሚሰጡት ምክር ከገንዘብ ፍለጋ በፊት የሚፈታ ችግር ፈልጉ የሚል ነው።

ለእኛ ምን ይነግረናል?

ኢትዮጵያ የቴሌኮም ገበያዋን የከፈተችው በፍርድ ቤት ሙግት ሳይሆን በመንግሥት ውሳኔ ነው። በ2019 በወጣው የኮሙኒኬሽን አገልግሎት አዋጅ ራሱን የቻለ ተቆጣጣሪ ተቋቋመ። በ2020 ፍላጎታቸውን ካሳወቁት ድርጅቶች መካከል የማሲዪዋ ሊኩዊድ ቴሌኮም አንዱ ነበር። በ2021 ፈቃዱን ያገኘው በሳፋሪኮም የሚመራው ቡድን ሲሆን፣ አገልግሎቱን በ2022 በይፋ ጀመረ። በዚያው በ2021 ኢትዮ ቴሌኮም ቴሌብርን አስተዋወቀ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ የገጠር ነዋሪው ብር በስልክ መላክን ለመደ።

መንገዱ ቢለያይም የማሲዪዋ ጠበቆች ያነሡት ጥያቄ ለእኛም ይሠራል። መንደሩ ኔትወርክ ያልደረሰው ገበሬ፣ የምጥ ላይ ያለች ሚስቱን አምቡላንስ ለመጥራት ኮረብታ የሚወጣ አባወራ፣ የገበያ ዋጋ ሳያውቅ ጤፉን ለደላላ የሚሸጥ አምራች፣ የጎደላቸው ቅንጦት ነው ወይስ መብት? ቅንጦት ነው ካልን ገበያው አዋጭ ሆኖ ሲያገኘው እስኪመጣ መጠበቅ ነው። መብት ነው ካልን ግን የሚጠየቅ አካል አለ፤ ተቆጣጣሪው፣ አገልግሎት ሰጪውና አስተዳደሩ መቼ እና እንዴት እንደሚያደርሱት መልስ ሊሰጡ ይገባል።

የሐራሬው ፍርድ ቤት በ1995 መብት ነው ብሎ ወሰነ። ማማው የተተከለው ከዚያ በኋላ ነው።